የኡኬው ካራቫን አንቴና

የካምፑ አለቃ ሞረዳ ከካራቫኑ ሥር በጀርባው ወድቋል። አንቴናው የታሰረበት የብረት ቱቦ አጠገቡ ነው፤ መዳፉ ከስሏል። ካራቫኑ በመኪና የሚጎተት ባለጎማ ቤት ነው፤ የመንገድ ሥራው በገፋ ቁጥር አብሮ ይሄዳል። አሁን ኡኬ ከተማ ዳር፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦው አጠገብ ቆሟል። አዲስ ቦታ በቆመ ቁጥር ቴሌቪዥኑ እንቢ ይላል፤ ሞረዳም አንቴናውን ይዞ ጣሪያ ላይ ይወጣል።

ኢንስፔክተር አስካለ ከነቀምቴ ስትደርስ ዘበኛውን ካሊድን በካቴና ታስሮ አገኘችው። ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጣልቷል፤ መሰላሉንም ያቆመው እሱ ነው። የኡኬው ፖሊስ ወደ ነቀምቴ እስር ቤት ሊወስደው መኪና እየጠበቀ ነው።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ሚስቴ አራስ ናት፣ ፈቃድ ከለከለኝ። ወላሂ መሰላሉን አቁሜለት ወደ በሩ ሄድኩ።»

«ውስጥ ሆኖ ሥዕሉ መጣ አልመጣ እያለ የሚነግረው ማን ነበር?»

«እኔ እንጃ። ጄኔሬተሩ እየጮኸ ማን ይሰማል?»

አብሳይዋ ጸሐይወርቅ ድንች መላጧን አላቆመችም።

«እኔ ወንዝ ወርጄ ዕቃ ሳጥብ ነበር፤ ሠራተኞቹ አይተውኛል።»

«ቴሌቪዥን አብሮት የሚያይ ማን ነው?»

«ያገኘውን ነው የሚጠራ። ኳስ ሲኖር ሁላችንም ዘመዶቹ ነን።»

መካኒኩ ኢፋ ከመንገድ መጠቅጠቂያው ሮለር ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«አካም ጂርቱ፣ አዴ አስካለ» ሲል በኦሮምኛ ሰላም አላት።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ። የት ነበርክ?»

«እዚሁ ሮለሩ ሥር። ሰውዬው ‹መጣ? መጣ?› ይል ነበር። ከዚያ ዝም አለ።»

«ማንን ነው የሚጠይቀው?»

«ምን አውቃለሁ። ቴሌቪዥኑን ይሆናል።»

አስካለ አልሳቀችም። የሽቦውን መብራት አስቋረጠች፤ ጄኔሬተሩን አስነሳች። ጸሐይወርቅን ቴሌቪዥኑ ፊት፣ ካሊድን ሮለሩ ጋ አቆመች። አንቴናውን ይዛ ራሷ ጣሪያው ላይ ወጣች፤ መሃሉ ላይ ቆማ ወደ ነቀምቴ አዞረችው።

«መጣ?»

የጸሐይወርቅ ድምፅ በጣሪያው መስኮት ወጣ። «መጣ። ይተዉት፣ እንዳይነኩት።»

ወደ ኋላ፣ ወደ ጠርዙ ሄደች። «አሁንስ?»

«ጠፋ። ነጠብጣብ ብቻ ነው።»

ወርዳ ጄኔሬተሩን አስጠፋች፤ ሁሉንም ሰበሰበች።

«አንቴና ብቻውን የሚያዞር ሰው አለ?» አለች። «የለም። አንዱ ጣሪያ ላይ፣ አንዱ ውስጥ። ሥዕሉ የሚጠራው መሃል ላይ ነው፤ ሞረዳ የሞተው ጠርዝ ላይ። ፊቱ ወደ ነቀምቴ፣ ጀርባው ወደ ሽቦው ነው። ሥዕሉ መጥቶ ሳለ ‹ገና ነው፣ ወደ ኋላ ሂድ› ያለው ሰው አለ። ሞረዳ ሥዕሉን አያይም፤ ድምፁን አምኖ ወደ ኋላ ሄደ፣ ቱቦው ሽቦውን ነካ።»

ወደ ካሊድ ዞረች። «ሮለሩ ጋ ሆነህ ሰማኸኝ?»

«አፍዎ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየሁ።»

«ጄኔሬተሩ እየሠራ ሞረዳን የሚሰማው ከጣሪያው መስኮት ሥር የቆመ ሰው ብቻ ነው። ‹መጣ?› ሲል የሰማኸው ደግሞ አንተ ነህ፣ ኢፋ።»

ኢፋ ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ወንድሜ ይህን ሮለር ቁልቁለት ላይ ይነዳ ነበር። ፍሬኑ አይዝም አልን። ሞረዳ ከታች ቆሞ ‹ይይዛል፣ ና› አለው። አምኖት ወረደ፤ ፍሬኑ አልያዘም፣ ሞተ።»

«አልከሰስክም?»

«ከስሻለሁ። አደጋ ነው አሉኝ። ይሄንንም አደጋ ነው ይላሉ ብዬ ነበር።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከካሊድ ፈትቶ ኢፋን አሰረው። ካሊድ ካቴናው የነበረበትን እያሸ አጠገቡ ቆመ።

«እኔን ቢወስዱኝ ትናገር ነበር?»

ኢፋ ሮለሩን አየ።

«አላውቅም።»