በነፃ ፈቃዱ የሚለው መስመር

«ጻፊ እንጂ፤ ምን አፍጥጠሽ ታይኛለሽ?» አለ ጓድ ክንዱ፣ የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ።

ፀሐይወርቅ ብዕሯን እንደያዘች ቀርታለች። ከጣውላው ግድግዳ ወዲያ አካሉ የሚባለውን ተማሪ ወፌ ላላ ሰቅለው ውስጥ እግሩን በሽቦ እየገረፉት ነው። በትምህርት ከእሷ አንድ ክፍል ይቀድማል፤ አስራ አንደኛ ነው። መጀመሪያ ጮኸ፤ ቀጥሎ እናቱን ጠራ፤ አሁን ከሽቦው ፉጨት በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው። በመስኮቱ በኩል ደንገል የጫነ ታንኳ ጣና ላይ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ እሷም ባለታንኳውን በከንቱ ጠላችው።

እዚህ ያስመጣት የእጅ ጽሕፈቷ ማማር ነው። ጸሐፊ ሲያጡ ከክፍል ጠርተው ወሰዷት፤ እምቢ ማለት የሚታሰብ አልነበረም። የሚያንገበግባት ግን ሌላ ነው። ከሁለት ወር በፊት የበላይ አካል የእስረኞቹን ቃል «የሕግ ቅርጽ የለውም» ብሎ መለሰው። ክንዱ ከፊርማው በቀር ማንበብም መጻፍም አይሆንለትምና ደብዳቤውን ያነበበችለት እሷ ነበረች። አንብባ ዝም ብትል ምን ነበረበት?

አባቷ አቶ ዳኘው የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ናቸው። የሕግ ቃላትን ላቲኑ ሳይቀር ከነትርጉማቸው በወፍራም ደብተር ያሰፈሩ ሰው ናቸው። ልጃቸውም «ተጠርጣሪ ማለት ገና ያልተፈረደበት፣ አሊባይ ማለት በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ነበርሁ ማለት» እያለች ነው ያደገችው። እና ያን ቀን ማወቋን ልታሳይ ቸኮለች።

«ፍርድ ቤት መጨረሻው ላይ ‹ማንም ሳያስገድደው በነፃ ፈቃዱ ቃሉን ሰጠ› ይባላል» አለች። «በላቲንም ኔሞ ቴኔቱር የሚባል አለ፤ ማንም ራሱን እንዲወነጅል አይገደድም ማለት ነው።»

ክንዱ ከት ብሎ ሳቀ። «ላቲኑ ይቅርብን፤ አማርኛውን ጻፊው።»

ከዚያ ወዲህ አንድም ፋይል አልተመለሰም። በዚያ መስመር ሦስት ሰዎች ተረሽነዋል፤ አንዱ የሒሳብ አስተማሪዋ መምህር አምሐ ነበሩ።

ዛሬ ጠዋት አባቷ ጫማቸውን ሲያስሩ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባባ፣ ሰው ተደብድቦ የሰጠው ቃል በሕግ ምንድን ነው?»

«ከንቱ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ።

«እኔ ግን የሚያስገድል አደረግሁት።»

አቶ ዳኘው የታሰረውን ክር ፈትተው እንደገና አሰሩት። «እናቴ፣ ያስተማርሁሽ ለዚህ አልነበረም። በይ ያሉሽን ጻፊና በሕይወት ግቢልኝ።» ፈሪ ናቸው ብላ ልትንቃቸው ሞከረች፤ አልሆነላትም። አሳዘኗት።

በሩ ተከፈተ። ሁለት ጠባቂዎች አካሉን በብብቱ ይዘው እየጎተቱ አስገቡትና ሲሚንቶው ላይ ጣሉት። እግሮቹ አብጠው ቅርጻቸውን አጥተዋል፤ የመጣበት መንገድ ደም በደም ሆኗል።

ክንዱ በቃሉ ያስጽፋት ጀመር፤ በራሪ ወረቀት በትኗል፣ ሽጉጥ ደብቋል። ጻፈች።

«ምን ላይ ነው የምፈርመው?» አለ አካሉ።

ክንዱ በሽጉጡ ሰደፍ አፉን መታው። የልጁ ጭንቅላት ከጠረጴዛው እግር ጋር ተላተመ፤ ከከንፈሩ ደም ጋር የጥርስ ስባሪ ወጣ። አንዱ ጠባቂ የልጁን አውራ ጣት ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ ጫነለት።

«መጨረሻውን ታውቂዋለሽ» አለ ክንዱ፣ እጁን በመሐረብ እየጠረገ። «የራስሽ አይደል?»

ፀሐይወርቅ አሰበች። ያ መስመር የሌለው ፋይል ይመለሳል። እስኪመለስ ድረስ አካሉ በሕይወት ይቆያል፤ ምናልባት አንድ ሳምንት፣ ምናልባት ሁለት። ከዚያ ለክንዱ ሌላ ሰው ያነብለታል፤ የጸሐፊዋም ስም እዚያው ወረቀት ላይ ይገኛል። በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ጎንበስ ብላ በዚያው በሚያምረው ጽሕፈቷ እንዲህ ጻፈች፤ «ይህን ቃል ሰጠ የተባለው ውስጥ እግሩ በሽቦ ከተገረፈ በኋላ ነው። ሲያስፈርሙትም ጥርሱን ሰበሩት። ግርፋቱን በጆሮዬ ሰማሁ፤ የቀረውን በዓይኔ አየሁ። ፀሐይወርቅ ዳኘው።»

ክንዱ ወረቀቱን ወስዶ ወደ ብርሃኑ አዞረው።

«ዛሬ ረዘመሳ።»

«ዛሬ የተሟላ ነው» አለችው።

ክንዱ ማኅተሙን አነሳና ፊርማዋ አጠገብ መታው።