ያለ እልልታ የገባች ሙሽራ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። ሰው ነገረኝ ብዬ የማወራው አይደለም... ቬሎ ለብሼ መድረኩ ላይ የቆምኩት ራሴ ነኝ።

ኅዳር 1978 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል። ለንደን፣ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ።

ሌሊት አይደለም። መብራትም አልጠፋም። ሁለት መቶ የሚሆን ያገሬ ሰው ተቀምጦ እያየ ነው።

አስካሉ እባላለሁ። ያኔ ክላፋም ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት እሠራ ነበር። ሺፍቴን ስጨርስ ቀጥታ ወደ ልምምድ ነው። ጋሽ ብርሃኑ አገር ቤት ቴያትር ሲያዘጋጁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ተሰደውም አላረፉ። ዘፈን ያለበት ድራማ ጽፈው እኛን ስደተኞቹን ሰብስበው ያለማምዱናል።

ታሪኩ ቀላል ነው። የአንዲት ሙሽራ ባል በሠርጉ ማግስት ወደ ጦር ግንባር ይወሰዳል። ከዚያ መርዶው ይመጣል።

ከሚዜዎቹ ሌላ ሴቶቹ አራት ነን። ሙሽራዋ፣ እናቷ፣ ሁለት አልቃሾች።

መቼም ሴት ሁሉ ሙሽራዋን መሥራት ነው የሚፈልገው። ሙሽራዋ ሮማንወርቅ ነበረች፤ ቆንጆ ናት፣ ድምፅም አላት፣ ኩራትም አላት። ቬሎውን እንኳን ልትለብሱባት፣ ብትነኩባት ታኮርፋለች።

እኔ ግን አልቃሿን ነበር የምወደው። ሙሽራ ተሸልማ ትታያለች፣ በቃ። አልቃሽ ግን በአንድ ስንኝ አዳራሹን ታስነባዋለች። እኔ ዘፋኝ የሆንኩት ለዚያች ስንኝ ነው።

ይህን ያስለመደችኝ ታላቅ እህቴ ኂሩት ናት። ልጆች ሆነን ጓሮ ውስጥ ለሞተች ዶሮ ሙሾ እናወርድ ነበር። እሷ ታወጣለች፣ እኔ እቀበላለሁ። እናታችን ከሰማችን በነጠላ ጫማ ነው የምታባርረን።

"ሟርተኞች! ምን ልትጠሩብኝ ነው!"

ቆይቶም በቀበሌው ኪነት አብረን ዘፈንን። ድምፃችንን ለይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እናታችን ካረፈች በኋላ በዓለም ላይ የቀረችኝ ኂሩት ብቻ ነበረች። በዚያ ዓመት በመተማ በኩል ወጥታ ሱዳን ገባች። እኔ እዚህ ለሆም ኦፊስ የመግቢያ ፈቃድ አፕላይ አድርጌላት መልስ እጠብቃለሁ። ከገዳሪፍ በሰው ስልክ ስትደውልልኝ ስለ ድራማው ነገርኳት።

"አስኩዬ፣ ሁለተኛዋ አልቃሽ እኔ ነኝ። ቦታዬን ለሰው እንዳትሰጪብኝ" አለች።

ለጋሽ ብርሃኑ ነገርኳቸው። ሳቁና መድረኩ ላይ በጠመኔ ክብ ሠሩላት።

"ይቺ የኂሩት ናት። ማንም እንዳይቆምባት።"

እንድትደርስልኝ ነበር የምኖረው። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ልምምድ በሄድኩ ቁጥር ሰው ሁሉ "ኂሩት መቼ ነው የምትገባው?" ይለኛል። መመለሱ እስኪሰለቸኝ ድረስ።

ከዕለታት አንድ ቀን ግን... ማንም አልጠየቀኝም።

ቴያትሩ ሊታይ ሁለት ሳምንት ቢቀረው ነው። አዳራሹ ስገባ ወሬው ቀጥ አለ። ዓለምሰገድ፣ ክራር የሚመታው ልጅ፣ ቀና ብሎ አየኝና ክሩን መቃኘት ጀመረ። ክራሩ ግን የተቃኘ ነበር።

ጋሽ ብርሃኑ መጡ። አርፍጄ ስለመጣሁ ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ...

"በላሽ፣ ልጄ?" አሉኝ።

በዚያ ሁሉ ልምምድ ስለ ምግብ ጠይቀውኝ አያውቁም።

"የልቅሶውን ክፍል አውጥተነዋል" አሉ ቀጥለው። "ረዘመ። ድራማው በሠርጉ ያልቃል።"

"እንዴ! እኔስ?"

"አንቺ ሙሽራዋን ትሠሪያለሽ።"

ወደ ሮማንወርቅ ዞርኩ። ትጮሃለች፣ ትፎክራለች ብዬ ነበር። እሷ እቴ! ቬሎውን አጥፋ በክንዷ ይዛዋለች።

"ጉሮሮዬን አሞኛል" አለች። ዓይኔን አላየችም።

ጉሮሮዋ ምንም አልሆነም። ሻይ ስታፈላ ስታንጎራጉር ሰምቻታለሁ።

"ኂሩትስ?" አልኩ። "ስትመጣ ምን ልትሠራ ነው?"

ሮማንወርቅ መጥታ አቀፈችኝ። ለቀቅ አታደርገኝም። ልቧ በደረቴ ላይ ሲደልቅ ይሰማኛል።

ይህን የምታነቡ ሰዎች ገብቷችሁ ይሆናል። እኔ ግን አልገባኝም። ልቤ እንዲገባው አልፈለገም መሰለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ ሁሉ እንደዚያው ሆነ። ተራ በተራ ቤቴ ምግብ ያመጣሉ። አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ይሸኙኛል። አንድ ቀን የዕቃ ቤቱን በር ስከፍት እማማ አድሓነት በሹክሹክታ ሲናገሩ ደረስኩ። የአሥመራ ሰው ናቸው፤ ልብሶቻችንን የሚሰፉልን እሳቸው ነበሩ።

"...እሑድ ጠዋት በማለዳ። ሁላችንም ባለንበት..."

"ዝም በሉ፣ መጣች..." አለ ሌላ ድምፅ።

እማማ አድሓነት መርፌያቸውን አስቀመጡና ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙኝ።

"ጓለይ..." አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። መድረኩ ላይ ያለችውን የጠመኔ ክብ ማንም አይረግጣትም ነበር። ድሮ በቀልድ ነበር የሚሸሿት። አሁን ግን ዞረው ያልፋሉ... ፊታቸው ጠቁሮ።

"የልቅሶው ክፍል ቀርቷል ካላችሁ፣ ለምን አናጠፋትም?" አልኳቸው።

ጋሽ ብርሃኑ ጀርባቸውን ሰጡኝ።

"ትቆይ" አሉ በቀስታ።

ቀኑ ደረሰ። ሮማንወርቅ ራሷ ቬሎውን አለበሰችኝ። ቁልፎቹን አዛንፋ ቆለፈችና እንደገና ፈታቻቸው።

"ምነው ሮማን?"

"ምንም... ብርዱ ነው።"

ከበሮው ተመታ፣ መጋረጃው ተከፈተ። እኔም በሚዜዎች ታጅቤ ገባሁ።

እስቲ አስቡት። ያበሻ አዳራሽ ነው። ሙሽራ ገብታለች። ክራር፣ ከበሮ፣ ጭብጨባ አለ...

እልል ያለ ሰው የለም።

አንድም ሴት። ከኋላዬ ያሉት ሚዜዎች ብቻ እልል ይላሉ፤ የእነሱም ድምፅ እየሳሳ ሄዶ ቆመ። ሕዝቡ ያየኛል። ፊት ላይ ያሉት እናቶች አፋቸውን በነጠላቸው ይዘዋል።

ዓይኔ ነው ብዬ ዘፈኔን ቀጠልኩ። ሙሽራዋ ቤተሰቧን የምትሰናበትበት ዘፈን ነው። የመጀመሪያውን አዝማች ጨረስኩ። ክራሩ እስኪመልስ ትንሽ ዝምታ አለ።

በዚያች ዝምታ ውስጥ... ከግራዬ አንድ ሰው ሲተነፍስ ሰማሁ።

ዘፋኝ ሙሾ ሊያወጣ ሲል የሚስበው ትንፋሽ ነው። ረጅም።

ዞር አልኩ።

ክቧ ውስጥ ሴት ቆማለች።

ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ጥለቱ ፊቷ ላይ ወድቋል። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራለች። ሮማንወርቅ ናት አልኩ በልቤ... የልቅሶውን ክፍል መልሰውት ሳይነግሩኝ ቀርተው ነው አልኩ።

ሴትየዋ ጀመረች።

"አስኩዬ እህቴ፣ ብርድ አገር የቀረሽ፣
እኔን ሲቀብሩኝ፣ አንቺን ማን ነገረሽ?"



በድራማው ውስጥ አስኩ የምትባል የለችም። አስኩዬ ብላ የምትጠራኝ ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ሰው ናት።

ዓለምሰገድን አየሁት። ክራሩን ይዞ የእኔን ተራ ይጠብቃል። ሚዜዎቹም ይጠብቃሉ። ማንም ወደዚያች ክብ አይመለከትም። ማንም አልሰማም...

ሴትየዋ ግን ትጠብቀኛለች። እሷ አውጥታለች፤ እኔ መቀበል አለብኝ። ከጓሯችን ጀምሮ ሥርዓታችን እንደዚያ ነው። ስንኙን ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"ማንም አልነገረኝ፣ ሰው ሁሉ ፈራና፣
ኂሩት ነገረችኝ፣ ራሷ መጣችና።"

ይህን ሕዝቡ ሰማ።

ከፊት አንዲት ሴት "ወይኔ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ አዳራሹ ፈረሰ። ሴቶች ደረታቸውን መቱ። ወንዶች ፊታቸውን ሸፈኑ። ቴያትር አይደለም... የእውነት ልቅሶ ነው። ለካ ሁሉም እንባውን ለእሑድ ጠዋት አስቀምጦት ኖሯል።

ጋሽ ብርሃኑ ከመጋረጃው ጀርባ ሮጠው ወጡ።

"ማነው የነገራት?" ይላሉ። "ማነው? ነገ ነው ብለን አልነበረም ወይ!"

ሮማንወርቅም ከኋላቸው ደረሰች። ጥበብ ቀሚስ ለብሳለች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው፣ አልተዘቀዘቀም።

ጋሽ ብርሃኑ ትከሻዬን ያዙ። ፂማቸው በእንባ ርሷል።

"ልጄ... በወባ ነው። እዚያው ገዳሪፍ። ሁለት ሳምንት አለፋት። ብቻሽን ሆነሽ እንዳትሰሚው ብለን፣ ሰው በተሰበሰበበት ልናረዳሽ ነበር። ማን ነገረሽ?"

አልቅሼ ነበር ብል እዋሻችኋለሁ። ማልቀሱ የመጣው ኋላ ነው፤ መጥቶም እስከ ዛሬ አላለቀም። ያን ጊዜ በትከሻቸው ላይ አሻግሬ እያየሁ ነበር።

ከመድረኩ እየወረደች ነው።

"ኂሩት..." አልኩ። ልሮጥ ፈለግሁ፣ የሰዉ ብዛት አስሮ ያዘኝ። ማን እንደያዘኝ አላውቅም፤ ክንዴን፣ ወገቤን፣ ቬሎዬን ይዘዋል።

ደረጃውን ወረደች። አልቸኮለችም። መተላለፊያውን ትታ በሦስተኛው ረድፍ፣ በወንበሮቹ መሐል ገባች።

እዚያ የተቀመጡት አዛውንቶች ናቸው። መነሣት ያቃታቸው። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው፣ ፊታቸውን በመሐረብ፣ በባርኔጣ፣ በመዳፋቸው ሸፍነው ያለቅሳሉ። ቀና ያለ አንድም ሰው የለም። ዓይኑን የገለጠም የለም።

የመጀመሪያው ሽማግሌ ግን፣ ሳያዩ፣ ጉልበታቸውን ወደ ጎን ሰበሰቡ።

ቀጥሎ ያሉትም ሰበሰቡ።

ከዚያም ቀጥሎ... አንድ በአንድ፣ በወንበሮች መሐል ሰው ሲያልፍ እንደሚደረገው ሁሉ፣ ተራ በተራ ጉልበታቸውን እየሰበሰቡ አሳለፏት።

የረድፉ መጨረሻ ላይ እማማ አድሓነት ነበሩ። በአንድ እጃቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጭነው ይንሰቀሰቃሉ። በሌላው እጃቸው ከእግራቸው ሥር የነበረውን ቦርሳ አነሡና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"እለፊ ጓለይ..." አሉ።