የሟቹ ዘብ ከስክስ ጫማ

ሁላችሁም ገባችሁ? በሩን ገርበብ አድርጉት፤ ንፋሱ ፋኖሱን እንዳያጠፋብን። ጫማችሁን ደጅ አወለቃችሁ? ጎሽ። ባለቤቴ ዛሬ እህቷ ዘንድ ናት፤ ግን ምንጣፏ ላይ ጭቃ ካገኘች ነገ እናንተ ትሄዳላችሁ፣ እኔ ነኝ አብሬያት የምቀረው።

ሰባት ናችሁ፣ ከእኔ ጋር ስምንት። ደጅ ያለው ጫማ ግን ሰባት ጥንድ ነው፤ እኔ ጫማ ካደረግሁ ዘመን አልፏል። ለምን እንደሆነ አሁን አትጠይቂኝ ረድኤት። ከመኪናው ከወረድሽ ጀምሮ እግሬን ስታዪ አይቼሻለሁ።

መብራት ዛሬ አይመጣም፤ አትጠብቁ። በክረምት እዚህ ጫካ ውስጥ መብራት ከሄደ ሄደ ነው። ነገ ችግኝ ጣቢያውን አሳያችኋለሁ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ነው፤ ስለ ዛፍ የፈለጋችሁትን ትጠይቁኛላችሁ። ዛሬ ስለ ዛፍ አላወራም። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ሰው ነው። ጠጋ ጠጋ በሉ።

ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ሌሊት መስሏችሁ ነበር? አይደለም፤ አሥር ሰዓት ነው፣ ግን ጉም ወርዷል። ቦታው ሩቅ ነው። ሂማሊያ የሚባለውን ተራራ ታውቁታላችሁ? በመጽሐፍ፣ አዎ። በዚያ ተራራ ላይ፣ ሁለት ትልልቅ አገሮች በሚዋሰኑበት ጫፍ፣ አንዲት መንገድ አለች። ባንድ ጎኗ ገደል ነው። ባንድ ጎኗ በረዶ ነው። ሰው የለባትም። ማን ሊሄድባት ይችላል? የእኛ አገር ሰው! የእኛ አገር ሰው የማይገባበት የት አለ?

ስሙን ምን ያደርግላችኋል? አንድ ወጣት ነው በሉት። ዘመኑ ዱሮ ነው። ሕንድ አገር የደን ትምህርት ሊማር ተልኮ ነበር። ዕረፍት ሲሆን ጓደኞቹ ይተኛሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ። እሱ አይተኛም። አርፎ መቀመጥ የማይችል ሰው ነበር። አንድ ቦታ ሳይጠግብ ሌላው ያምረዋል። እናቱ፣ «ይሄ ልጅ እግሩን ምን በላው?» ትል ነበር። እና በዚያ ዕረፍት ምን አማረው? የጠረፉን የቡድሃ ገዳማትና ሁለቱ አገሮች የተዋጉበትን ጦርነት መታሰቢያዎች ማየት አማረው። ፈቃድ አወጣ። ኖርቡ ከሚባል የአካባቢው ሹፌር ጋር በጂፕ ወጣ።

ጠዋት ገዳሙን አየ። ገዳሙ ተራራው ጫፍ ላይ የተቀመጠ ነው። መነኮሳቱ የደረቀ ደም የሚመስል ቀይ ልብስ ለብሰዋል። በቅቤ መብራት ያበራሉ። ግድግዳው ዙሪያውን የናስ በርሜሎች ተሰድረዋል፤ በየበርሜሉ ውስጥ ጸሎት የተጻፈበት ወረቀት አለ። ሰው እየዞረ በእጁ ያሽከረክራቸዋል፣ በርሜሉ ሲዞር ጸሎቱ ይደርሳል ይላሉ። የእኛ ሰው ምን አደረገ? አንዱ በርሜል ዞሮ ሳያበቃ ሌላውን ይዟል። ኖርቡ ሳቀበት። «ወንድሜ፣ ይድረስ እንጂ ጸሎቱ! ማን እያባረረህ ነው?» አለው።

ሲወጡ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ነጭ የሐር ሻሽ አንገቱ ላይ አደረጉለት። «እላይ መታሰቢያው ዘንድ ስትደርስ እዚያ ቤት ላለው ወታደር እሰርለት። ቤቱ ገብተህ ደግሞ አትቸኩል» አሉት። እሺ አለ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

መታሰቢያው ከገዳሙ ሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ጥቁር ድንጋይ ነው፣ የሟቾቹ ስም ከላይ እስከ ታች ተቀርጾበታል። ከድንጋዩ ጎን አንዲት ክፍል አለች። የማን ክፍል ናት? የአንድ ወታደር። ወታደሩ ከሞተ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ግን አልጋው ይነጠፋል። ጠዋት ሻይ ይቀርብለታል። ከስክስ ጫማው ይወለወላል። ጫማውን የሚወለውለው ሽበታም ሃምሳ አለቃ እንዲህ አላቸው፦

«ጦርነቱ ጊዜ ይህን ልጅ እላይ ምሽግ ውስጥ ዘብ አቆሙት። ሲመሽ ተረኛ ይቀይርሃል፣ እስከዚያ ከቦታህ ንቅንቅ እንዳትል አሉት። ሲመሽ ጦሩ አፈገፈገ። ለእሱ ግን የነገረው የለም። ሬሳው አልተገኘም። የተገኘው ይህ ከስክሱ ብቻ ነው። ማታ ወልውዬ አስቀምጠዋለሁ፣ ጠዋት ጭቃ ሆኖ አገኘዋለሁ። ዛሬም ጥበቃ ይወጣል።»

የእኛ ሰው አመነ? አላመነም። ግን ወደ ክፍሏ ሊገባ ሲል መብራት በርቶ አየ፣ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ አየ፣ ዕጣን የመሰለ ነገር ሸተተው። እናንተ እንዲህ ያለ ቤት ስታዩ ምን ታደርጋላችሁ? እጃችሁ ወደ ጫማችሁ አይሄድም? የእሱም ሄደ። እዚያ አገር ወታደሮቹ እንደተጫሙ ነው የሚገቡት። እሱ ግን የእናቱ ልጅ ነው፤ ጫማውን አውልቆ ደረጃው ላይ አስቀመጠ። ቡናማ ጫማ ነው፣ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ ከዚህ ሲሄድ እናቱ የገዛችለት። የግራው ተረከዝ ተበልቷል፤ ሲራመድ ወደ ግራ ያዘነብላል። እሷን ነገር ያዙልኝ።

አሁን ልብ በሉ። ሃምሳ አለቃው የሟቹን ከስክስ ወልውሎ የት አኑሮታል መሰላችሁ? እዚያው ደረጃ ላይ፣ ቀለሙ እንዲደርቅ።

ገብቶ አልጋውን እያየ ኖርቡ ከውጭ የጂፑን ጥሩምባ መንፋት ጀመረ። ጉሙ እየወረደ ነው፤ ሳይጨልም የተራራውን በር ማለፍ አለባቸው። የእኛ ሰው ሮጦ ወጣ። ሻሹን አሰረ? አላሰረም፣ ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከትቶታል። ጉሙ ደረጃው ላይ ደርሷል፣ ጣቱ በብርድ ደንዝዟል፣ እግሩ ያገኘውን ጫማ አጠለቀና አሰረ። ልኩ ነበር። ጉዱ እሱ ነው ልጆች፣ ልኩ ነበር!

ጂፑ ውስጥ ሲገባ እግሩ ሞቀው። በረዶ ላይ የዋለ ጫማ ይሞቃል? ንገሩኝ፣ ይሞቃል? አሁን ሌላ ሰው ያወለቀው ይመስል ነበር። ትንሽ እንደሄዱ እግሩ የመኪናውን ወለል መምታት ጀመረ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። በእጁ ጉልበቱን ያዘ። አልቆመም።

«ኖርቡ፣ አቁም። ልውረድና ትንሽ ልራመድ።»

«አብደሃል? እዚህ ብቻውን የሚራመድ ሰው የለም።»

«አንድ ደቂቃ ብቻ።»

ኖርቡ አቆመ። አንድ ደቂቃ ያለው ሰው ወረደ፣ አምስት እርምጃ ተራመደና ጉሙ ዋጠው።

መንገዱን ይዞ የሄደ እንዳይመስላችሁ። እግሩ መንገዱን ትቶ ዳገቱን ያዘ። ልቀመጥ አለ፤ ጉልበቱ አልታጠፍም አለ። ልመለስ አለ፤ እግሩ አልዞርም አለ። ያኔ ነው ወደ ታች ያየው። ቡናማ ጫማ የለም። ጥቁር፣ የተወለወለ ከስክስ ነው። «ኖርቡ!» ብሎ ጮኸ። ጉሙ ድምፁን በላው።

ዱካውን ዞር ብሎ አየ። የከስክሱ ዱካ በረዶው ላይ አለ። ከጎኑ ግን ሌላ ዱካ አለ። የባዶ እግር ዱካ። አምስቱም ጣት ይታያል። እሱ አንድ ሲራመድ ያኛውም አንድ ይራመዳል። ሰውየው የለም፣ ዱካው ብቻ ነው የሚመጣው።

ቀጥሎ ትንፋሽ ሰማ። ቀጥሎ ሳል ሰማ፣ የወጣት ልጅ ሳል። ቀጥሎ በቀኝ ትከሻው በኩል አንድ ካፖርት፣ ጉም የሞላበት ካፖርት፣ አብሮት ሲወጣ አየ። ፊቱን አላየም። እናንተ ብትሆኑ ታዩ ነበር? እኔ እንጃ።

ምሽጉ ዘንድ ደረሱ። የድንጋይ ካብ ነው፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ አለበት። ከስክሱ ገባና ተረከዝ ለተረከዝ ገጭ ብሎ ቆመ። ከዚያ ድምፁ መጣ።

«ተረኛ ነህ?»

የእኛ ሰው የዚያን አገር ቋንቋ ትንሽ ለምዷል። ምነው ባልለመደው!

«ሲመሽ ይቀይሩሃል ብለውኝ ነበር» አለ ድምፁ። «ማንም አልመጣም። በጣም ደክሞኛል። ተረክበሃል?»

ምን ይበል? አልተረከብኩም ቢል ምን ሊሆን ነው? ፈራ፣ በጣም ፈራ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ መፍራት ብቻ አይደለም፣ አዘነለትም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ተረኛ የሚጠብቅ ልጅ! እና እንዲህ አለ፦

«ተረክቤያለሁ። አንተ ቤትህ ግባ።»

«በባዶ እግሬ?»

«የእኔ ጫማ ደረጃው ላይ አለ። እሱን አድርገህ ሂድ።»

ካፖርቱ ዞረ። የባዶ እግሩ ዱካ ቁልቁል ወረደ፣ ወደ መታሰቢያው።

እሱ ግን ቀረ። እግሩ ተቸንክሯል። እየጨለመ ነው። ከሁሉ የከፋው ምን መሰላችሁ? እዚያ መቆሙ ደስ እያለው መጣ። ያ እረፍት የሌለው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እረፍት ተሰማው። ዓይኑ ሊከደን፣ ሊከደን ሲል ከሩቅ የኖርቡ ጥሩምባ ተሰማ። ኖርቡ አልሄደም ነበር፤ እጁን ጥሩምባው ላይ እንደጫነ ቀርቷል። እናቱ ትዝ አለችው። ማሰሪያውን ሊፈታ ሞከረ፣ በረዶ ሆኗል። በሰንጢ ቆረጠው። እግሩን መንጭቆ አወጣ። ያን የረሳውን ሻሽ ለሁለት ቀዶ እግሩን ጠቀለለና ጥሩምባውን እየሰማ በረዶው ላይ ቁልቁል ሮጠ።

ሁለት የእግር ጣቱን በረዶው በላው። እሱ ምንም አይደለም።

በማግስቱ ወታደሮች ወጥተው ከስክሱን ምሽጉ ውስጥ ቆሞ አገኙት፣ ማሰሪያው ተቆርጦ። ደረጃው ላይ የነበረው ቡናማ ጫማ ግን የለም። ሃምሳ አለቃው፣ «ምን አልከው?» ብሎ ጠየቀ። ነገረው። የሽማግሌው ብሩሽ ከእጁ ወደቀ።

«አየህ፣ ጫማ መንገድ ይለምዳል» አለው። «የእሱ ከስክስ የሚያውቀው ምሽጉን ነው፣ አንተን እዚያ ወሰደህ። አሁን እሱ ያንተን አድርጓል። ያንተ ጫማ የማንን ቤት ነው የሚያውቀው? ደግሞ ተረክቤያለሁ ብለህ ቦታውን ጥለህ ወርደሃል። ዘብ ቦታውን ጥሎ የሄደ ተረኛን ምን እንደሚለው ታውቃለህ?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ከስክሱ ጭቃ ነክቶት አያውቅም አሉ። ሰውየውም አገሩ ተመለሰ። ጫማ ግን አላደረገም። ጫማ ባደረገ ቁጥር እግሩ ይነሳበታል፣ ወደዚያ ዳገት ካልሄድኩ ይላል። አገባ፣ ወለደ፣ ዛፍ ተከለ። ማታ ማታ ግን ጆሮው መንገድ ላይ ነው። ከዚያ እስከዚህ በእግር ስንት ዓመት ይፈጃል? በረሃ አለ፣ ባሕር አለ። ለሞተ ሰው ባሕር ምኑ ነው? አምና ክረምት ሚስቱ ደጃፉን ስትጠርግ፣ «አንተ፣ ማነው እዚህ ቆሞ ያደረው? ዱካው ወደ ግራ ያዘነብላል» አለችው።

ምን አልሽ ረድኤት? ሰውየው አንተ ነህ ወይ? አንቺ ልጅ ከመጀመሪያውም ዓይንሽ አላረፈም። እግሬን ላሳይሽ? ይኸው። ቁጠሪው። ስምንት ጣት።

ቆዩ። ዝም በሉ እስኪ። ደጅ የሰማሁት ነገር አለ።

ኪሩቤል፣ አንተ በሩ አጠገብ ነህ። አትነሳ። ባትሪህን አብራና በበሩ ክፍተት ጫማውን ብቻ ቁጠርልኝ። ስንት ነው? ስምንት? ሰባት ነው መሆን ያለበት፣ ደግመህ ቁጠር። ስምንት። ቡናማ አለበት? የግራው ተረከዝስ? ተበልቷል።

አትንካው! በሩን ተወው፣ መዝጋቱም አሁን አይጠቅምም። አንድ ሰው ጫማውን ደጅ አውልቆ ከሆነ፣ ሰውየው የት ነው ያለው?

ጫማውን ተዉትና ሰው እንቁጠር። ቀስ ብላችሁ፣ አንድ በአንድ። እኔን ጨምሮ ስምንት መሆን አለብን። ዘጠኝ ነን።

ረድኤት፣ ዞር ሳትዪ ንገሪኝ። ከአንቺ በስተግራ የተቀመጠው ማነው?