የቀኝ ክንፍ አቧራ

ኮሮና ዓለምን በቆለፈበት ዓመት፣ በሐምሌ ወር አንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ የታፈሰ አስከሬን ከጆሃንስበርግ በስተሰሜን ባለ ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ ተገኘ። ከአውሮፕላኑ ግራ ክንፍ ጫፍ አለፍ ብሎ፣ ሲሚንቶው አልቆ ደረቁ ሣር በሚጀምርበት ቦታ በጎኑ ተኝቷል። መሰላሉ አጠገቡ ወድቋል። ፖሊስ ከመድረሱ በፊት በስፍራው የነበሩት ሁሉ በአንድ ነገር ተስማምተው ነበር፤ ሰውየው ከክንፉ ላይ ውርጭ ሲጠርግ አንሸራቶት ወደቀ።

ሚስቱ ወይዘሮ የአለምወርቅ ግን አልተስማሙም። ጆሃንስበርግ ውስጥ፣ ትሮይቪል ሰፈር ወደምትኖረው ወደ ትሕትና ደወሉ።

«ታፈሰ ሞተ አሉኝ፤ ወደቀ ነው የሚሉት። ዕድሜውን ሙሉ ክንፍ ላይ ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ሰው ነው። እንዴት እንደወደቀ አንቺ ሄደሽ እዪልኝ።»

ትሕትና የአውሮፕላን አደጋ መርማሪ ናት። የምትሠራበት መድን ድርጅት ለዚሁ አውሮፕላን መድን የሰጠ ስለነበረ ባይደወልላትም መሄዷ አይቀርም ነበር። ያስደነገጣት የደዋይዋ ማንነት ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በአንድ በረዷማ አገር፣ ቴክኒሻኑ ታፈሰ «ክንፉ ንጹህ ነው» ብሎ የፈረመለት አውሮፕላን ከመሬት ተነሥቶ ሳይርቅ ወደቀ። ክንፉ ላይ የነበረው ውርጭ እንደ አሸዋ ወረቀት የሚሻክር ስስ ነገር ነው፤ ግን ክንፍ አየሩን ይዞ እንዳይነሣ ያ ይበቃል። አሥራ ዘጠኝ ሰው ሞተ። ዘገባውን የጻፈችው ያኔ ወጣት የነበረችው ትሕትና ስትሆን ጥፋቱን ታፈሰ ላይ ያሳረፈው የእሷ ብዕር ነው። ከዚያ ወዲህ ብርድ በመጣ ቁጥር ነጭ ክንፍ በሕልሟ ይመጣባታል። አሥራ ዘጠኙ ክንፉ ላይ ተደርድረው ተቀምጠው፣ ምንም ሳይናገሩ ያዩዋታል።

ማረፊያው የደረሰችው ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነበር። ፀሐይ ብትወጣም የአውሮፕላን መጠለያው የሃንጋሩ ጥላ አስከሬኑን፣ የግራውን ክንፍና የአውሮፕላኑን አፍንጫ ሸፍኗቸዋል። ሳጅን ኖምሳ የምትባለው ፖሊስ ጭምብሏን እያስተካከለች አስገባቻት፤ የአደጋ ጉዳይ ስለሆነ ቶሎ እንደሚዘጋም ነገረቻት።

ትሕትና ጎንበስ አለች። በአስከሬኑ ዙሪያ ያለው ሣር ነጭ ነው። የታፈሰ ካፖርት ትከሻና እጅጌም እንደ ሣሩ ነጭ ሆኗል። ቀኝ እጁ ጭብጥ እንዳለ ነው፤ በጣቶቹ መሃል ከሥሩ የተነቀለ ደረቅ ሣር ይታያል። የአምቡላንስ ሠራተኞች ሲያነሡት ዓይኗን ከመሬቱ አልነቀለችም። ሰውየው ተኝቶበት የነበረው ሣር ቢጫ ነው፣ ደረቅ ነው፣ አንዲት የውርጭ ቅንጣት የለበትም። ሳጅኗን ጠርታ ፎቶ እንድታነሣው ለመነቻት።

ከዚያ ወደ ክንፎቹ ወጣች። የግራው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፤ የጣትም የጨርቅም ምልክት የለበትም። የቀኙ ፀሐይ አርፎበታል፤ ውርጭ የለውም። ግን አውሮፕላኑ በቆመባቸው ወራት ከከተማዋ የወርቅ ማዕድን አፈር ክምሮች የተነሣው ቢጫ አቧራ አሁንም አለበት። ትሕትና በደረቷ ተኝታ አቧራውን በጎን አየችው። ለረጅም ጊዜም ከዚያ አልተነሣችም።

ሃንጋር ውስጥ ሁለት የክንፍ ሸራዎች አገኘች። አንደኛው መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ደረቅ ነው። ሌላው ከመሣሪያ ሣጥኖች ጀርባ ተጨማዶ ተወትፏል፤ ስትገልጠው እንደ ቆርቆሮ ገርሮ ተንኳኳ። ውጫዊ ፊቱ ውርጭ ለብሷል።

ሰዎቹን ተራ በተራ አነጋገረች። አውሮፕላኑን የሚያከራየው ድርጅት ኃላፊ አልአዛር ነው። ደቡብ አፍሪካ ተዘግቶባቸው የቀሩ ስድሳ አንድ ኢትዮጵያውያንን አገራቸው ለማድረስ ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ መነሣት ነበረባቸው። ታፈሰ ከትናንት ጀምሮ፣ ትንበያው ከዜሮ በታች ስለሆነ ፀሐይ ክንፉን እስክታሞቅ እስከ አራት ሰዓት እንቆይ እያለ አስቸግሮት ነበር። በዚህች ትንሽ ማረፊያ በረዶ የሚያቀልጥ ፈሳሽ የለም፤ አልአዛር እንዳለው ጆሃንስበርግ ውስጥ አስፈልጎትም አያውቅም። እሱ ራሱ ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አልፎ ነው የመጣው፤ ታፈሰን በሕይወት አላየውም።

ሁለተኛው ሰው ከሊል ነው፤ ሶዌቶ ውስጥ የጅምላ መደብር ያለው፣ መንገደኞቹን ያሰባሰበ ነጋዴ። ትናንት በስልክ ታፈሰ ላይ ሲጮህ ብዙ ሰው ሰምቶታል። ፖሊሷም ጥርጣሬ ካለ እሱ ላይ ነው ብላ ነበር።

«አልዋሽሽም እህቴ፣ ‹ሕዝቤን ብታስቀርብኝ አለቅህም› ብዬዋለሁ» አለ ከሊል። «የኮሮና ምርመራ ወረቀታቸው ቀትር ላይ ጊዜው ያልፍበታል። ከመካከላቸው ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር አለች፣ ሰባ የሞላቸው አሮጊት አሉ። ግን እዚህ የመጣሁት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአውቶቡሶቹ ጋር ነው።»

ሦስተኛው ካፒቴን አምሃ ነው። ትሕትና ፊቱን አወቀችው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የወደቀውን አውሮፕላን ያበረረው፣ ከተረፉት ጥቂቶችም አንዱ፣ ይኸው ሰው ነው። ድምፁ ያኔ እንደነበረው ረጋ ያለና የሚያሳምን ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደርሶ አብራሪው ክፍል ውስጥ ሲዘጋጅ፣ በግራ መስኮቱ ታፈሰን በእጅ ባትሪ ክንፉን ሲጠርግ አየሁት አለ። አሥራ አንድ ከአርባ ላይ ታፈሰ ክንፎቹ ንጹህ ናቸው ብሎ የፈረመበትን ወረቀት አምጥቶ ሰጠው፤ የቀረችውን የግራ ክንፍ ሊጨርስም ተመልሶ ወጣ። አምሃ ከዚያ በኋላ ከአልአዛር ጋር ቢሮ ውስጥ ሻይ ሲጠጣ ነበር፤ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ዘበኛው አስከሬኑን እስኪያገኝ ድረስ አልተለያዩም።

«እጁን በክንፉ ላይ አሳለፈና፣ ‹ንጹህ ነው፣ በሰላም ግባ› አለኝ» አለ አምሃ።

ትሕትና ማስታወሻዋን ዘጋች። ይህን ዓረፍተ ነገር ታውቀዋለች። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ከዚሁ አፍ ሰምታ፣ ቃል በቃል ዘገባዋ ላይ ጽፋዋለች። ያኔ ታፈሰ በድንጋጤ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ስለነበረ ለእሷና ለባልደረቦቿ የላከው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ፈርሜአለሁ።» ሌላ ምንም አልጠየቁትም። አሥራ ዘጠኙ ሰዎች ከኋላዋ የቆሙ መሰላት፤ ዞር ብላ እስክታይ ድረስ።

ወደ አውሮፕላኑ ተመልሳ የአብራሪውን ወንበርና መስኮት አየች። ከዚያ የበሩን ዘበኛ ሽጉጤን ፈልጋ የገቢና የወጪ መዝገቡን ተቀበለችው፤ ወደ ኋላ አንድ ገጽ ገለጠችም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በባዶው የመንገደኞች አዳራሽ ተራርቀው ተቀመጡ። አልአዛር፣ ከሊል፣ ካፒቴን አምሃ፣ በሩ አጠገብ ሽጉጤ። ወይዘሮ የአለምወርቅ ደርሰው መጨረሻው ወንበር ላይ ነበሩ። ሳጅን ኖምሳ ከአምሃ ኋላ ቆማለች፤ ትሕትና የምትናገረውን ቀደም ብላ በእንግሊዝኛ አስረድታታለች።

«ታፈሰ ማለዳ አልሞቱም» አለች ትሕትና። «የማረፊያው ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች የወረደው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኋላ ነው። ከወደቁበት ሥር ያለው ሣር ውርጭ አልነካውም። ካፖርታቸው ግን ነጭ ነው። ውርጩ የመጣው እሳቸው ከወደቁ በኋላ ነው። ስለዚህ ማለዳ ላይ ውርጭ ሲጠርጉ አልወደቁም፤ በማታው ነው የወደቁት።»

አልአዛር የቀኙ ክንፍ ንጹህ መሆኑን አነሣ፤ ያንን ካልጠረጉት ማን ጠረገው?

«ማንም አልጠረገውም። ፀሐይም አላቀለጠችውም። ውርጭ በጨርቅ ቢጠረግ ወይም ቢቀልጥ አቧራው ጭቃ ይሆናል፤ የውኃ መስመር ይተዋል። የቀኙ ክንፍ አቧራ ደረቅ ነው፣ የሸራ ድርና ማግም ታትሞበታል። ታፈሰ ሌሊቱ እንደሚበርድ ስላወቁ ማታውኑ ክንፎቹን በሸራ ለመሸፈን ተነሡ። የቀኙን ጨረሱ። የግራውን ሊያለብሱ ወጥተው ሳለ ወደቁ። የግራው ክንፍ ነጭ የሆነው ለዚህ ነው።»

ከሊል ሸራው ታዲያ የት ሄደ ብሎ ጠየቀ። ትሕትና አንደኛው ደረቁን፣ ሌላው በውርጭ ተጨማዶ ሃንጋር ውስጥ መገኘቱን ነገረችው።

«የቀኙ ሸራ ውርጭ ለብሷል። ሌሊቱን ክንፉ ላይ ነበር ማለት ነው። ማለዳ ላይ አንድ ሰው አንሥቶ ደበቀው፤ ሸራው ከታየ የማታው ሥራ ይታወቃላ። መዝገቡ ላይ አሥራ አንድ ከአምስት የገባ አንድ ሰው አለ። አቶ አልአዛር የገቡት አሥራ አንድ ከአርባ አምስት፣ አቶ ከሊል አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።»

ሁሉም ወደ አምሃ ላለማየት ሞከሩ። አምሃ ጭምብሉን ከፍ አድርጎ፣ ታፈሰን በዓይኑ እንዳየው፣ ወረቀቱም በእጁ እንዳለ በዝግታ ደገመ።

«በየትኛው መስኮት ካፒቴን? የእርስዎ መስኮት እስካሁን ድረስ በውርጭ ተደፍኗል። ኤሌክትሪክ አልተከፈተም፣ ማንም አልፋቀውም። በዚያ መስኮት፣ በጨለማ፣ እጅዎን እንኳ ማየት አይችሉም። ወረቀቱ ደግሞ ሁለቱም ክንፎች ንጹህ ናቸው ይላል፤ ግራው ግን ነጭ ነው። አንድ ጊዜ ሳያይ ፈርሞ አሥራ ዘጠኝ ሰው የቀበረ ሰው ሁለተኛ እንደዚያ አይፈርምም። ይህን ፊርማ የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

ከዚያ ወደ ሽጉጤ ዞረች። ዘበኛው ቆቡን በእጁ እያዞረ፣ ካፒቴኑ ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ገብቶ ሁለት ተኩል አልፎ፣ ሰዓት እላፊው ሊገባ ሲል እንደወጣ ተናገረ። ሲወጣም «ታፈሰ ተኝቷል፣ አትቀስቅሰው» ብሎታል። ፖሊሶቹ ማለዳ ማን እንደገባ ብቻ ስለጠየቁት የማታውን አላነሣውም። ወይዘሮ የአለምወርቅም ባላቸው እዚያው እንደሚያድር ስለነገራቸው አልተጨነቁም።

አምሃ ጭምብሉን አወለቀ።

«አስቀድመህ ፈርምልኝ አልኩት» አለ በመጨረሻ። «‹ያኔም ፈርም ያልከኝ አንተ ነህ፣ አሁንስ አይሆንም› አለኝ። የድሮውን መንገደኞቹ ፊት እናገራለሁ አለ። ሸራውን ነጠቅሁት። ተያያዝን። መሰላሉ ተንሸራቶ ሄደ፤ ወደቀ።»

«ሲተዉዋቸው ይተነፍሱ ነበር» አለች ትሕትና። «ሣሩን ነቅለዋል።»

ሳጅን ኖምሳ የአምሃን እጅ ያዘች።

አስከሬኑ ከምርመራ የተለቀቀው በዘጠነኛው ቀን ነው። ስድሳ አንዱ መንገደኞች ሌላ ምርመራ አድርገው፣ ሌላ አብራሪ ተገኝቶላቸው በሦስተኛው ቀን መሄድ ይችሉ ነበር። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ግን ሰውየውን ይዘን ካልሆነ አንሄድም አሉ፤ ከሊልም ቤሪያ በተባለው ሰፈር ማደሪያ ፈለገላቸው። ነፍሰ ጡሯ እንኳ አብራ ቆየች።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ትሕትና ወይዘሮ የአለምወርቅን ልትሸኝ መጣች። የድሮውን ዘገባ እንደገና ለማስከፈት መጻፏን ነገረቻቸው። ከዚያ ለዘጠኝ ቀን ሲያብሰለስላት የቆየውን ጠየቀች።

«አቶ ታፈሰ ያኔ ለምን ዝም አሉ? ‹ካፒቴኑ ነው ያዘዘኝ› ለምን አላሉም?»

«‹የፈረመው እጅ የኔ ነው› ይል ነበር» አሉ ወይዘሮ የአለምወርቅ። «አምሃ እዚህ አገር ሥራ ሲያገኝ ተከትለነው መጣን። እኔ አብደሃል ብዬው ነበር። ‹እሱ የሚያበረውን ክንፍ እኔ ካየሁት ሌላ ሰው አይሞትም› አለኝ። በቃ፣ ኑሯችን ይኸው ነበር።»

ትሕትና አንገቷን ደፋች።

«ታፈሰ አንቺን አልጠላሽም ነበር» አሉ ሴትየዋ ሻንጣቸውን እያነሡ። «እዚህ ከተማ መኖርሽን ያውቅ ነበር። አንድ ቀን መጥታ ትጠይቀኝ ይሆናል ይል ነበር። እኔም ስልክሽን ያገኘሁት ከእሱ ደብተር ነው።»

አውሮፕላኑ አራት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሜዳውን ካሞቀችው በኋላ ተነሣ። ስድሳ አንዱም በሰላም አገራቸው ገቡ፤ ታፈሰም አብሯቸው።