የሰዓት ሠሪው ጀርባ

ሰዓት ሠሪው ሦስት ዓመት ሙሉ ጀርባውን በታከመበት አልጋ ላይ ሞቶ ተገኘ። ሐኪሙ በትራስ ታፍኖ ነው አለ። ጣት ሁሉ የተቀሰረው በወጌሻዋ ላይ ነበር።

የእሷ ልማድ ሁልጊዜ አንድ ነው። በሽተኛውን ፊቱን በአልጋው ቀዳዳ አስከትታ በሆዱ ታስተኛና ጡንቻው ሲወጠርና ሲላላ ወረቀት ላይ መስመር የሚስለውን መሣሪያ ጀርባው ላይ ታያይዛለች፤ ከዚያ አሥር ደቂቃ ብቻውን ትተወዋለች። ያን ቀን ስትመለስ ትንፋሽ አልነበረውም። በጀርባው አንጋላ ደረቱን ብትጫንም አልሆነም። ከዚያ ወዲህ የበድን ገላው ስሜት ከመዳፏ አልለቅ ብሏታል፤ ብትታጠብም ያው ነው።

መርማሪው ረጋ ያለ ሽማግሌ ነበር። የሟቹ ሚስት መድኃኒት ልትገዛ ወርዳ እንደነበር ነገረችው፤ ባሏ ያን ጠዋት «ስለ አባታችን አሟሟት ያየሁትን ለጋሼ ነግሬ እገላገላለሁ» ብሏት እንደነበርም አከለች። «ጋሼ» የሚለው ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ከኮሪደሩ ወንበር ንቅንቅ እንዳላለ ምሎ፣ «ፊቱን በአልጋው ቀዳዳ ከትቶ ለተኛ ሰው ማን ክፉ ያስባል?» አለ።

በማግስቱ መርማሪው ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰብስቦ የወረቀት ጥቅሎቹን ዘረጋ።

«ወጌሻዋ ስታሸው የተወራውን ሁሉ ከመስመሩ ዳር ጽፋለች። ስለ ሥራው ሲያወራ መስመሩ ዝቅ ይላል። ‹ጋሼ› ባለ ቁጥር ግን ሽቅብ ይወጣል። በመጨረሻው ቀን መስመሩ ስድስት ደቂቃ ዝቅ ብሎ ረጋ። ከዚያ ጡንቻው ሁለት ደቂቃ ተወጠረ፤ የሚፈራው ድምፅ መጥቶ ነበር። ቀጥሎ ተንፈራገጠ፤ አበቃ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።»

«ወረቀት ሰው ይከሳል?» አለ ወንድምየው።

«ወረቀቱ መንገድ አሳየኝ እንጂ የከሰሰዎት አፍዎ ነው። እዚህ ክፍል ከዚያ በፊት ረግጠው አያውቁም። ሰው ተጠርቶ ሲገባ እሱ በጀርባው ተንጋሎ፣ ቀዳዳውም በፎጣ ተሸፍኖ ነበር። ትራሱን ከሥር ይዘው ካላፈኑት ፊቱን እዚያ መክተቱን ማን ነገረዎት?»

ወንድምየው ወረቀቱን ከፊቱ ገፋ አደረገው።

«አባታችንን ከደረጃው ስገፋው ያየኝ እሱ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ችሎ ነበር፤ ያን ቀን ወደዚህ ከመግባቱ በፊት ኮሪደሩ ላይ ነገረኝ። ምናለ ዝም ቢል?»

ወጌሻዋ ነጻ ወጣች፤ እፎይ ግን አላለችም። «የያዝከውን ካልተናገርክ ጡንቻህ አይፈታም» ብላ ሟቹን የመከረችው እሷው ነበረች። ይህን ለማን ትናገረዋለች?

ወንድምየው ከተወሰደ በኋላ ሚስትየዋ ቀረብ አለቻት።

«እህቴ፣ እንዳመመው ነው የሞተው?»

ወጌሻዋ የመጨረሻውን ወረቀት አነሳች። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ የረጋ መስመር አይታ አታውቅም።

«ስድስት ደቂቃ ሙሉ ጡንቻው ተፈትቶ ነበር» አለቻት።

ሚስትየዋ ወረቀቱን ተቀብላ ደረቷ ላይ አደረገችው። መርማሪው ማስረጃ መሆኑን ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ተወውና እስክትጠግብ ቆሞ ጠበቃት።