ና፣ ላንሳህ

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል ብዋሽ ምላሴ ተጠቅልላ ትቅር። ያልተጨመረበት፣ ያልተቀነሰበት እውነት ነው። የሚያውቁኝ ሰዎች «አንተ ደግሞ ጀመረህ!» ማለታቸው አይቀርም፤ ይበሉ።

«እጅህን አውርድ አልኩህ እኮ!»

አባትየው ወለሉ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ደግኖ ይጮሃል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ጠማማ ስፌት ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። ልጅን ፎቶ የሚያነሳ ሰው ወደ ልጁ ቁመት ዝቅ ማለት አለበት ሲሉ ሰምቶ፣ ዝቅ ማለቱን አበዛውና ከወለሉ ጋር የተሰፋ መሰለ። ፊት ለፊቱ የሁለት ዓመቱ ጉልቤ፣ ከመጋረጃ ትራፊ የተሰፋለትን ሱሪ ለብሶ፣ ሁለት እጁን ሽቅብ ሰቅሎ ቆሟል። ከጠዋት ጀምሮ የተነሱት ፎቶዎች ሁሉ እንዲህ ናቸው። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ ነው የሚመስለው።

«እሺ የኔ ጌታ፣ አሁን ና ላንሳህ» አለ አባት፣ ድምፁን በማር ለውሶ።

የወረዱት እጆች ተመልሰው ተሰቀሉ።

«ይሄ ልጅ ሙድ እየያዘብኝ ነው!»

ታላቅ እህቱ በሩን ተደግፋ ታያለች። ምንም ነገር ስለማያመልጣት ሰፈሩ «ቆቅ» ነው የሚላት። ዛሬ ግን መሳቅ አላማራትም። እናታቸው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ከሰዓት በኋላ ረጅም መስመር ትወጣለች። ባለፈው ስትመለስ ጉልቤ እንደ ባዕድ አይቷት ከስፌት መኪናው ስር ተደብቆ ነበር። ዛሬ ጠዋት አውቶቡሱን ልትፈትሽ ስትወጣ፣ «ከመሪው ፊት የምለጥፈው ፎቶ አንሱልኝ። የሚያውቀኝን ፊቱን» አለች።

ቆቅን የከነከናት እጁ ነው። ምን ሲሰማ ነው የሚሰቅለው?

እጁ እስኪወርድ ጠብቃ፣ «ጉልቤ፣ ፎቶ!» አለችው። ዝም።

«ጉልቤ፣ ሳቅ!» እጁ እንደወረደ ነው።

ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችውና፣ «አባዬ፣ ያቺን መቀስ ላንሳት?» ብላ ደንበኞች ልብስ በሚለኩበት መስታወት ሰርቃ አየችው። ጉልቤ ከኋላዋ እጁን ሰቅሏል።

«አባዬ! ልጁ እኮ ልክ ነው! ከጠዋት ጀምሮ ላንሳህ ትለዋለህ፣ አታነሳውም!»

አባት ከወለሉ ቀና አለ። የጉልቤ ትንንሽ ክንዶች መንቀጥቀጥ ጀምረዋል።

«ወይ እኔ ደንቆሮው!» ብሎ ብድግ አድርጎ አቀፈው።

ልብስ ሰፊ ግን የጀመረውን አይተውም። ልጁን መልሶ አቆመና፣ «ላን—» ሊል ሲል ምላሱን ነክሶ፣ «ፎቶ ላድርግህ» አለው። ጉልቤ እጁን አውርዶ እንደ ዳኛ ተኮሳትሮ ቆመ። ቀጭ!

«ይኸውላችሁ! በማስመሪያ የተሰመረ ፎቶ!»

ይህን ሲል እናት የደንብ ልብሷን ለብሳ ቦርሳዋን አንግታ ልትሰናበት ገባች። ጉልቤ አያትና ወደ ስፌት መኪናው ሸሸት አለ። የእናትየው ፊት ጠቆረ።

ቆቅ ስልኩን ከአባቷ እጅ መነጨቀች። «እማዬ፣ ላንሳህ በይው!»

«ምን?»

«ዝም ብለሽ በይው!»

እናት በርከክ አለች። «ና... ላንሳህ?»

ጉልቤ ቆመ። አያት። እንደገና አያት። ከዚያ እጆቹን ቀስ እያለ ሰቀለ። እናት ቦርሳውን ጥላ ሁለት መዳፏን ዘረጋች፤ አባት «ኧረ ብርሃኑን ጋረድሽው!» እያለ ሲጮህ ቆቅ ስልኩን ተጫነችው።

ቆቅ ልታሳትም ፎቶ ቤት ስትደርስ የቤቱ ባለቤት ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አሳያት። አንደኛው ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ሱሪው ሳይቀር የሚታይበት ነው። ሁለተኛው ጠሟል፤ የልጁ እግር ተቆርጧል፤ ከእናትየው የሚታዩት መዳፎቿ ብቻ ናቸው። መሃል ላይ ያለው ልጅ ገና አልተነሳም፤ ፊቱ ግን እንደሚነሳ አውቋል።

«አባትሽ ደውሎ ቀጥ ያለውን ብሎኛል» አላት።

ቆቅ ቀጥ ያለውን እንደገና አየችው። አባቷ ግማሽ ቀን ሙሉ ወለል ላይ ተንከባሏል።

«ጠማማዋን ያትሙልኝ ጋሼ» አለች። «ለአባዬ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።»

ወደ መናኸሪያ ሮጣ ደረሰች። እናት ፎቶውን ከመሪው ፊት ለጠፈችና ጡሩምባውን ሦስቴ ነፋችው፤ የመናኸሪያው ሰው ሁሉ ዞሮ አየ።

እሺ፣ እሺ፣ ጡሩምባውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ምንም አልነፋችም። ሞተሩን አስነስታ፣ ተሳፋሪው «ሹፌር፣ እንሂድ እንጂ!» እስኪላት ድረስ ፎቶውን እያየች ተቀምጣ ነበር።