ጎሊቻ የሰጠኝ ሣር

ጎሊቻን መጀመሪያ ያየሁት መኪናው ስር ተኝቶ ነው። እግሩ ብቻ ነበር የሚታየኝ።

«ሾፌሩ አንተ ነህ?»

«መኪናው ከተነሳ፣ አዎ!»

ሳቅኩ። ልቤ እዚያው ቀረ፤ ምን ልዋሽ!

ሞያሌ ብወለድም ያደግኩት ናይሮቢ ነው። የተመለስኩት በጎልቦ ቆላ የድሮ የግመል መንገዶች ላይ፣ ምንጭ ዳር የሚበቅሉ ተክሎችን ለማጥናት ነበር። ጎሊቻ የቦረና ልጅ ነው፤ መንገዶቹን ከአባቱ ጋር ግመል ይነዳ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ያውቃቸዋል። አቧራ እየዋጥን ከምንጭ ምንጭ ስንዞር ተዋደድን። ግን አፍ አውጥቶ የተናገረ አልነበረም።

አንድ ቀን መኪናችን አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። በፀሐይ ስንቆፍር ውለን ዝለናል። መኪናው እንዲቀል የሰበሰብኳቸውን ተክሎች አውርደን እንጣል ሲለኝ እምቢ አልኩ።

«አቦ፣ ለቅጠል ብለሽ ልትገድዪን ነው?» ብሎ ጮኸብኝ።

አኮረፍኩ። መኪናውን ማታ አውጥተን አንድ ምንጭ አጠገብ አደርን። በማግስቱ ጠዋት ከምንጩ ዳር እርጥብ ሣር ነጭቶ መጣና በሁለት እጁ ዘረጋልኝ።

«ከየትኛው በኩል ነው ያገኘኸው?» አልኩና ተቀብዬ እንደሌሎቹ ተክሎች ጋዜጣ መሃል ከተትኩት።

ፊቱ ጠቆረ። ሞያሌ ከገባን በኋላ ስልኬንም አላነሳ አለ። እኔንም ምግቡም እንቅልፉም እምቢ አለኝ።

ሞያሌ የምትኖረው እናቴ ተክሎቹን ስታገላብጥ ሣሩን አየች።

«ይሄንን ማን ሰጠሽ?»

«ጎሊቻ። ተጣልተን ነበር...»

«አይ ልጄ! ቦረና እርጥብ ሣር ይዞ ከመጣ እኮ ይቅርታ መለመኑ ነው። ይቅር ብዬሃለሁ አላልሽውም?»

ክው አልኩ። ሻርፔን ጣል አድርጌ እሱ ወደሚኖርበት ሰፈር ወደ ሄሉ ሮጥኩ። ለካ የከብት መኪና መንዳት ጀምሯል፤ ከማርሳቢት ገና መግባቱ ነበር። ዐይኑ ቀልቶ ጎማው ጥላ ስር ተቀምጧል።

«ጎሊቻ፣ አላወቅኩም! ናይሮቢ ይሄንን ማን ያስተምረኛል? ይቅር ብዬሃለሁ... ደግሞ እወድሃለሁ!»



«የናቅሽኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «ይሄን ሥራ የያዝኩት አንቺን ላለማየት ነው። ሉባባ፣ ደክሞኛል...»

«እኔም።»

ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ለአባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«መቼ?»

«ትንሽ ልተኛና...»

ሳይጨርሰው ጎማውን እንደተደገፈ እንቅልፍ ወሰደው። መንገደኛው እያየን ይስቃል። እኔ ግን ንቅንቅ አላልኩም፤ እስኪነቃ ጠበቅኩት።